እንጦጦ ላይ ያላለቀ ሙግት

በጥቅምት አዲስ አበባ ትከፈታለች። ሦስት ወር ሙሉ ጣሪያችን ላይ ተኝቶ የከረመው ደመና ተጠቅልሎ ይሄድና፣ ቦሌ ቆሞ ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ዛፍ በዛፍ የሚለይ እስኪመስለው ድረስ አየሩ ይጠራል። ፀሐይ ላይ ከቆምክ ያልብሃል፤ ጥላ ውስጥ ከገባህ ጃኬትህን ትፈልጋለህ። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል፤ ይህን ስም ግን ከተማሪ ደብተር ውጪ የሚጠራው ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እኛ «ክረምቱ ወጣ» ብለን እናልፋለን።

ድሮ ክረምቱ ሲወጣ የአዲስ አበባ ሰው የሚያስበው ዘመድ መጠየቅንና ሥጋ ቤትን ነበር። በጥቅምት አንድ አጥንት መባሉም ያለ ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ ተራራ ተጨምሯል። እሑድ ገና ሳይነጋ መስቀል አደባባይ ብትሄዱ ኮስተሮች ተደርድረው፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች ስማቸው እየተጠራ ሲሳፈሩ ታያላችሁ። ሃይኪንግ ይሉታል። ወጨጫ፣ የረር፣ መናገሻ ሱባ፣ ወንጪ፤ ቦታው በቴሌግራም ይታወጃል፣ ክፍያው በስልክ ያልቃል፣ ቁርስና ውኃ ከነፎቶ አንሺው ይቀርባል። እኔ ይህን ልማድ ከሚያደንቁት ወገን ነኝ። ጫካ ውስጥ ሙዚቃ የሚያስጮኸውን ስፒከር የሚሸከመውን ልጅ ግን ከወገኖቼ አልቆጥረውም።

እኔና አንድ የቆየ ወዳጄ የኮስተሩ ነገር አልሆነልንም። እሱ በሰው ሰዓት መነሣትና መመለስ አይወድም፤ እኔ ደግሞ ለመሄድ ታክሲ የሚበቃው ተራራ እያለ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ማሳለፍ አይዋጥልኝም። ስለዚህ በዚህ ወቅት የምንወጣው እንጦጦን ነው። አንዳንድ ሰው እንጦጦን ተራራ ብሎ መጥራት ይከብደዋል፤ መኪና የሚወጣበት፣ ቡና የሚሸጥበት፣ ሙሽራ ፎቶ የሚነሣበት ቦታ ነውና። ሸንተረሩ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ከመስቀል አደባባይ ሲነጻጸር ስምንት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ በእግሩ የተነሣ ሰው ተራራ መሆኑን ሳንባው ይነግረዋል።

ወዳጄ የውኃ መሐንዲስ ነው። ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የተከራከርነው በዚሁ ሙያው ምክንያት ነው። ደግሞም መሣሪያ ይወዳል። ባለፈው ቅዳሜ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አስሮ፣ ሁለት የሚታጠፉ የብረት ዱላዎች ይዞ መጣ። ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ልብስ ነጋዴዎች ሱቃቸውን እየከፈቱ፣ ጥበቡን በር ላይ እየሰቀሉ ነበር። አንዷ ዱላዎቹን አይታ ሐዘኔታዋን በከንፈሯ መጠጠችለት። እሱ አላያትም።

ዳገቱ እንደ ተጀመረ ሯጮች ያልፉን ጀመር። እንጦጦ ላይ ይህ ያለ ነው፤ እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የተለማመዱበት መንገድ ነው። እኛ አፋችንን ከፍተን የምንስበውን ቀጭን አየር እነሱ ባፍንጫቸው እየሳቡ፣ እርስ በርሳቸውም እያወሩ ያልፋሉ። ወዳጄ ሰዓቱን አየና 148 አለኝ። የልቡ ምት መሆኑ ነው። ከዚያ ቆመ። ለማረፍ የቆመ እንዳይመስል ነው መሰለኝ፣ በዱላው ወደ ጫካው ጠቆመና ሙግቱን ከፈተ።

«ይኼን ሁሉ ባሕር ዛፍ የሚነቅል መንግሥት ቢመጣ እኔ እደግፈዋለሁ።»

የእሱን ክስ ላሳጥረው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፤ ያውም አይጠግብም። ሥሩ ያለበት ቦታ ሌላ ነገር በቀላሉ አይበቅልም። ቅጠሉ ዘይት ስላለበት ከብት አይበላውም፤ እሳት ግን ይወደዋል። ዝናብ ሲመጣ ሥሩ ያለው መሬት ራቁቱን ስለሆነ ውኃው ሳይሰርግ ተንደርድሮ ይወርዳል፤ ቀበናን ይሞላል፣ ከወንዙ ዳር የተሠራውን የድሃ ቤት ይወስዳል። የእንጦጦ የራሱ ዛፎች ጥድና ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ናቸው። መጤው ይውጣ፣ ባለቤቱ ይመለስ። ይኸው ነው።

ዛሬ ከየትኛውም የተማረ አዲስ አበቤ ጋር ብትቀመጡ የምትሰሙት ይህንኑ ነው። ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ሲያወራ የቆምንበት ቦታ ራሱ የሚመሰክረው ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ላይ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይዋ በቀጫጭኑ ግንዶች መካከል እየተሰነጠቀች ስትገባ፣ ረጅሙ ቅርፊት ተልጦ ተንጠልጥሎ በነፋስ ሲንኳኳ፣ ያ ጉንፋን በያዘን ጊዜ እናቶቻችን ያጠኑን የነበረው ሽታ ሲመጣ። ወዳጄ «ነቅለን እንጣለው» የሚለውን ዛፍ አየር በረጅሙ እየሳበ ነበር። ነገርኩት። «አየሩና ዛፉ የተለያዩ ናቸው» አለኝ። መሐንዲስ እንዲህ ይላል?

የእንጦጦን ታሪክ ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምናስበው ቤተ መንግሥቱንና ንግሡን ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። በዚህ ወር እዚያ ሸንተረር ላይ የቆመ ሰው፣ ያን ቀን ስንቱ መኳንንት በለበሰው ካባ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ እንደዋለ ለመገመት ብዙ አይቸገርም። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው የምኒልክ ቤተ መንግሥት የጭቃና የእንጨት ቤት ነው፤ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ክዳኑ ሣር። በዘመኑ ለነበረ ንጉሥ እንኳ ልከኛ የሚባል ነው። እዚያ ውስጥ ገብቶ የጣውላውን ወለል የረገጠ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ይህን ሁሉ ሠርተው ለምን ተዉት?

ብርዱና ነፋሱ አንዱ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውኃ ወርደው ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም ስሟን አገኘች። ሌላው ምክንያት ግን ማገዶ ነው። አንድ ሠራዊት፣ ከነአሽከሩና ከነደራሹ፣ ለዓመታት ተራራ ላይ ሰፍሮ ሲያበስልና እሳት ሲሞቅ ጥዱና ወይራው ስንት ክረምት ይቆያል? ወዳጄ የሚናፍቀውን አገር በቀል ደን የጨረሰው ባሕር ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍ ሲመጣ ደኑ አልቆ ነበር።

ከተማዋ ታች ከወረደችም በኋላ ችግሩ ተከትሏት ወረደ። እንጨት የሚገኘው እየራቀ ሄደ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመፍረስ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የመጣው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ለማምጣቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ሌላው ዛፍ የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ሲጠይቅ፣ ይኼኛው በአምስትና በስድስት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ባለ ቦታው ሁሉ ተከለው። ከተማዋ ባለችበት ቀረች። እኔና ወዳጄ አዲስ አበቤ ነን ብለን የምንኮራው በዚያ ዛፍ ቸርነት ነው።

ደግሞ የሚያስቀው፣ ሙግታችን እንኳ አዲስ አለመሆኑ ነው። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ ውኃ ያደርቃል የሚለው ስሞታ በዝቶ፣ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና ለሐር ትል ቀለብ በሚሆን ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። የሐሩን ሸማ ማን ሊለብሰው እንደ ታሰበ እንጃ፤ የአዲስ አበባ ሴት ግን በማግስቱ ምጣድ መጣድ ነበረባት።

ይህን እያወራሁ ነው ከአንዲት ቅጠል ተሸካሚ ሴት ጋር የተገናኘነው።

ከአስፋልቱ ወጣ ብላ የምትወርድ ቀጭን መንገድ አለች። ሴትዮዋ ጀርባዋን ለአንድ ከፍ ያለ የአፈር ግንብ ሰጥታ ቆማለች። ከሩቅ ስናያት ቁጥቋጦ እግር አውጥቶ የቆመ ነው የሚመስለው። ሸክሙ ከእሷ ቁመት ይረዝማል፤ አግድም ነው የሚታሰረው፤ ሰው ሲያልፍ ገለል የሚለው ሰውየው እንጂ እሷ አይደለችም። ከሥር ወፈር ወፈር ያለው ጭራሮ፣ ከላይ ቅጠሉ፣ ከወገቧ ጋር የሚነካካው ቦታ ላይ የተጣጠፈ ያረጀ ጨርቅ አለ። ገመዱ በሁለት ትከሻዋ ላይ ዞሮ ደረቷ ላይ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው በአንድ ጉተታ የሚፈታ ዓይነት ነው። ከተንሸራተተች ወዲያው እንድትፈታው መሆኑን አልጠየቅኋትም፤ ግን ሌላ ምክንያት አልታየኝም። ወደ መሬት አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች ብቻዋን መነሣት አትችልም፤ ግንቡ ሸክሙን ይሸከምላታል፣ እሷ ትንፋሿን ትሰበስባለች። እንዲህ ያለው ግንብ መንገዱ ላይ የት የት እንዳለ ሳታውቀው አትቀርም።

«እንደምን አደሩ እናቴ» አልናት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?» አለችና ዓይኗ የወዳጄ ዱላዎች ላይ አረፈ። «ምነው ልጄ፣ እግርህን አሞሃል?»

አላመመኝም ለመውጣት ነው አላት። «ለምን ትወጣለህ?» አለችው። እውነት ለማወቅ ነው የጠየቀችው፤ ምፀት የለበትም። ወዳጄ ለጤና ነው አለ። እሷም «እሱማ ጥሩ ነው» ብላ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችን፤ ሦስት ተኩል ነው አልናት፤ አርፍጃለሁ አለችና ከግንቡ ተላቃ ወረደች። ስትወርድ የቅጠሉ ጫፍ ግራና ቀኝ ቁጥቋጦውን እየጠረገ ረጅም የሹክሹክታ ድምፅ ያሰማል። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች ሸክሟን ይገዟታል። ቅጠሉ ቶሎ ይያያዛል፣ ነበልባሉ ምጣዱን እኩል ያዳርሳል፤ ከሰጋቱራ ይሻላል የሚሉ አሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ሴት እንኳ መብራት በሄደ ቀን የምታስታውሰው ይህንኑ ነው።

ወዳጄ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ጥሩ ተከራካሪ የእኔን ምስክር ለራሱ አደረጋት። «አየህ? ጥፋቱ እዚያ ነው» አለ። የተቀደሰ ቁጣ ነበር የሚመስለው፤ ሙያው ግን ልክ ነው። መሬቱን ራቁቱን የሚያስቀረው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ የረገፈው ቅጠልም ተጠርጎ መወሰዱ ነው። ቅጠሉ ቢተው መሬቱን ይሸፍናል፣ የዝናቡን ጠብታ ያበርዳል፣ ከርሞ አፈር ይሆናል። በየዓመቱ ሲጠረግ ግን የእንጦጦ ቀይ አፈር ለሐምሌ ዝናብ ደረቱን ሰጥቶ ይቆማል። ስለዚህ ለቀበና ጎርፍ ዛፉን ብቻ መክሰስ ያዳግታል፤ ሦስት ተከሳሽ አለ፤ ዛፉ፣ መጥረጊያው፣ እና ከተማው ውስጥ ያለው ምጣድ። ሦስተኛው ተከሳሽ እኛ ቤት ነው ያለው። ይህን ስለው አልካደም።

ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ወደ ሁለቱም ወገን የሚያሳይ ቦታ ፈልገን ተቀመጥን፤ እንጦጦ ላይ ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን ነው። በደቡብ ከተማው ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ በምሥራቅ በኩል የረር፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ ሩቅ ዝቋላ፤ በጥቅምት ካልሆነ ዝቋላን እንዲህ አጥርቶ ማየት ዕድል ይጠይቃል። ፊትህን ወደ ሰሜን ስታዞር ሱሉልታ ሜዳ አለ። የቆምንበት ቦታ የውኃ መከፋፈያ ነው። ሰሜኑ ላይ የወረደው ዝናብ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ይገባል። ደቡቡ ላይ የወረደው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚባል ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በሁለት እርምጃ ልዩነት የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግመኛ አይገናኙም። ወዳጄ ይህን ሲያስረዳ ፊቱ ይበራል፤ ከሰላሳ ዓመት በፊት በትምህርት ቤት የነገሩንን ያህል ሳይሆን፣ አሁን ራሱ ያገኘው ያህል ነው የሚያወራው። የልብ ምቱን አላየሁትም እንጂ 148 ሳያልፍ አይቀርም።

ከማርያም ወደ ራጉኤል በሚወስደው አቅጣጫ ስንሄድ ችግኝ የተተከለበት ገላጣ መሬት አገኘን። እዚህ ላይ ነው ወሬያችን ቁም ነገር የያዘው።

እንደምታውቁት በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ ቁጥሩ ራሱ የበዓሉ ዋና እንግዳ ሆኗል። መትከሉን አልቃወምም፤ እኔም ጭቃ ረግጬ ተክያለሁ። ግን ሐምሌ ላይ ያልጸደቀ ችግኝ የለም። ዝናቡ ሞግዚት ሆኖ ያሳድገዋል፤ ዱላ ብትሰካም የሚያቆጠቁጥበት ወር ነው። ፈተናው የሚጀምረው አሁን ነው። ዝናቡ ሲቆም፣ ሌሊቱ ውርጭ ቀኑ ፀሐይ ሲሆን፣ ፍየሏ ከከረመችበት ስትለቀቅ። ለመቁጠር ከሆነ በዚህ ወር ቢቆጠር እመርጣለሁ። ካሜራው ግን በዚህ ወር አይመጣም።

አንድ የጥድ ችግኝ አጠገብ ቁጭ አልን። ስንዝር ተኩል ብትሆን ነው። የጥድ ልጅ መርፌ መርፌ የሚመስል ቅጠል ነው ያላት፤ የትልቁን ጥድ ቅርፊት መሳይ ቅጠል የምታወጣው አድጋ ነው። ጫፏ አረንጓዴ ነው፣ የታችኛው ቅጠሏ ግን ወደ ቡናማ ተለውጧል። ወዳጄ በጣቱ ሥሯ ዙሪያ ያለውን አፈር ጫር ጫር ሲያደርግ ጥቁር ፕላስቲክ ብቅ አለ። ችግኝ ጣቢያ የበቀለችበት ከረጢት ነው፤ ሳይቀደድ አብሮ ተቀብሯል። ማን እንደ ተከላት አናውቅም፤ ምናልባት ከአንድ መሥሪያ ቤት በአውቶቡስ የመጣ፣ ፎቶ የተነሣ፣ ዝናብ ሲመታው የተጣደፈ ሰው ነው። ሥሯ ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሞ ራሱን አንቋል። ወዳጄ ከረጢቱን በቁልፉ ሰንጥቆ አወጣው፤ ከያዘው ውኃም ግማሹን አፈሰሰላት። አጠገቧ ያሉትን ስናይ፣ አንዳንዷ በደንብ ተኮትኩታ፣ ግንዷ ዙሪያ ውኃ የሚይዝ ጎድጓዳ ተሠርቶላት ደህና ቆማለች፤ ሌላዋ ደግሞ ጭራሮ ሆናለች። የሁለቱ ልዩነት ዝርያ አይደለም፤ በነሐሴም በመስከረምም ተመልሶ የመጣ ሰው መኖርና አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ጥቂት ራመድ ብሎ ባሕር ዛፉ ያለበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ማንም ያልተከላቸው ችግኞች ናቸው። ወይራ፣ ቀጋ፣ ክትክታ፤ ትልልቆቹ ባሕር ዛፎች ሳሳ ብለው በቆሙበት፣ ቅጠሉ ባልተጠረገበት ጥግ፣ በራሳቸው ወጥተዋል። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ ባሕር ዛፍ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩን እዚያው ትጥላለች፤ ዛፉ ደግሞ ከውርጭና ከፀሐይ ይከልለዋል። ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። መናገሻ ሱባን በመሰሉ ቦታዎች የደን ባለሙያዎች ባደረጉት ጥናት፣ በሰው እጅ በተተከለ የውጭ ዛፍ ጥላ ሥር የአገር ልጆች የሆኑ ዝርያዎች ራሳቸውን ችለው እንደሚመለሱ አሳይተዋል። መጤው ለባለቤቱ ሞግዚት ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ካሳሳነውና ሥሩን ካልጠረግነው።

የእኔም አቋም ከዚህ የወጣ ነው። ባሕር ዛፉ ለዘላለም ይንገሥ አላልኩም። ነገር ግን አንድን ገመገም በአንድ ወቅት ጠርጎ፣ ገላጣው ላይ ከረጢት ያልተፈታለት ችግኝ ተክሎ፣ «አገር በቀል መለስን» ማለት ከሁለቱም ያጣ ጉዞ ነው። ቀስ ተብሎ ይሳሳ፤ በሥሩ የሚወጣው ይጠበቅ፤ ቅጠሉ ይተው፤ ቅጠሉን የምትሸከመው ሴት ደግሞ ከዚያ የተሻለ እንጀራ ይኑራት፤ በመጨረሻም ትልልቆቹ ይውረዱ። ሰላሳ ዓመት ይፈጅ ይሆናል። የጥድ ሰላሳ ዓመት ምንም አይደለም። እንደሚነገረው ከሆነ እዚያ ማዶ ያለው ወጨጫ ላይ የቆመው ጥድ ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ የተተከለው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው፤ የመትከሉ ታሪክ አምስት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ይተረካል።

ወዳጄ «አንተ የውጭ ዛፍ ጠበቃ ነህ» አለኝ። እኔም አዊ ዞንን አነሣሁበት። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት ሲነሣው ዲከረንስ የተባለውን ሌላ የአውስትራሊያ ዛፍ ተከለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ ዛፉ የግራር ዘመድ ስለሆነ አፈሩ ላይ ናይትሮጅን ያክላል፤ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ከሰሉ ተጭኖ አዲስ አበባ ይመጣል። ያ ከሰል ባይኖር ኖሮ የሚቆረጠው የስምጥ ሸለቆ ግራር ነበር፤ አሁንም ይቆረጣል፣ ያንን ያህል ግን አይሆንም። ወዳጄ የዲከረንሱን ነገር ያውቃል፤ «እሱ የእርሻ መሬት ነው፣ ይኼ የከተማ ራስጌ ነው» አለኝ። እዚህ ላይ ልክ ነበር፤ ፊት ለፊት ግን አልነገርኩትም፤ እዚህ ዓምድ ላይ ያነበዋል።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የእንጦጦ ፓርክ ሳናይ አልተመለስንም። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል። መንገዱ ንጹሕ ነው፣ ቡናው ጥሩ ነው፣ ዋጋው የከተማ ነው። ልጆች ብስክሌት ሲነዱ ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ፤ ጎብኚው ሁሉ ጀርባ አድርጎ ፎቶ የሚነሣበት፣ ያ ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ውበት ምን ዛፍ ነው? ወዳጄም ተነሣበት። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ማስረጃው እጄ ላይ አለ።

ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቱን አመመውና ሁለቱንም ዱላዎች ሥራ ላይ አዋላቸው። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ገደል አፍ ላይ ቆመን። ጎርፍ የቆረጠው ነው፤ ሁለት ሰው የሚደርብ ጥልቀት አለው፤ ከላይ የባሕር ዛፉ ሥር ወደ አየር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ታች የከረመው ውኃ ገና ጭል ጭል ይላል። «እዚህም ሰላሳ ዓመት ልጠብቅ?» አለኝ። እዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። የጅረት ዳርና የገደል አፍ ሞግዚት አይጠብቅም፤ እዚያ ያለው ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነሣ፣ እርከኑ ይሠራ፣ ሣርና ቁጥቋጦ ይግባበት፣ ከዚያ ዛፉ ይከተል። ሐምሌ ላይ አውቶቡስ ሞልተው የሚመጡት መሥሪያ ቤቶች ገመገሙን ትተው በየዓመቱ አንድ አንድ ገደል ቢይዙና ያንኑ ገደል በጥቅምትም በጥርም ተመልሰው ቢያዩት፣ ለቀበና ዳር ነዋሪ ከሚሊዮን ችግኝ በላይ ይጠቅመዋል። ሥራው ጭቃ ይበዛዋል፤ ፎቶ ላይም አያምርም።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ሥጋ ቤት ገባን፤ ወሩ ጥቅምት ነው። ወዳጄ ቀጣዩ ቅዳሜ ወጨጫ ነው ብሎ ወስኗል። እዚያ ጥድ በጥድ ስለሆነ የምከራከርበት የማጣ መስሎታል።